የድሮ ወታደራዊ መኪናን ለአስፋልት ማብቃት፦ የአንድ ኤም35ኤ2 የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንድ ኤም35ኤ2 የጭነት መኪና ነው። መኪናው ከሠራዊት አገልግሎት ወጥቶ በግለሰብ እጅ የገባ ሲሆን ሥራው በአብዛኛው አስፋልት ላይ ነው፤ ጭነቱም ከባዶ እስከ 2 ቶን። ባለቤቱ ያቀረበው ቅሬታ ሦስት ነበር። ነዳጅ ይበላል፤ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ ሞተሩ ይጮኻል፤ መሪው ከመክበዱም በላይ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ይሸሻል። መፍትሔው የኢንጀክሽን ፖምፓው (ናፍጣውን ለኖዝሎቹ የሚገፋው) የሚሰጠውን ነዳጅ መጨመር ነው የሚል ሐሳብም ይዞ ነበር። ሥራው የተሠራው ግን በተገላቢጦሽ ነው፤ ሞተሩ የተነካው በመጨረሻ ነው። በዚህ ሞዴል ላይ ገንዘብ የሚባክነውም ሞተር የሚቃጠለውም በቅደም ተከተሉ ስህተት ስለሆነ፣ ጥናቱ ከሥራው ዝርዝር እኩል ለቅደም ተከተሉ ቦታ ይሰጣል።

ስለ መኪናው

ኤም35ኤ2 ስድስቱም እግሩ የሚነዳ፣ ከመንገድ ውጭ 2.5 ቶን ገደማ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ከዚያ እጥፍ አካባቢ እንዲጭን የተሠራ አሜሪካዊ መኪና ነው። ባዶውን 6 ቶን ገደማ ይመዝናል። በዚህኛው ላይ ያለው ሞተር ኤልዲቲ-465-1ዲ ይባላል፤ 7.8 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ባለ ቱርቦ፣ ከናፍጣ ሌላ የተለያየ ነዳጅ እንዲያነድ የተሠራ ነው። ጉልበቱ 130 ፈረስ አለፍ ይላል፤ የዙሩ ጣሪያ በደቂቃ 2,600 ነው። ካምቢዮው ስፓይሰር 3053ኤ፣ ባለ አምስት ማርሽ ሲሆን አምስተኛው 0.79 ገደማ ነው። ሦስቱም የሮክዌል ዲፈረንሻሎች 6.72 ለ 1 ናቸው። ፋብሪካው ያስገባለት ጎማ 9.00-20 ነው፤ ፊት ሁለት፣ ኋላ መንታ መንታ ሆኖ ስምንት፣ በድምሩ አሥር።

ብዙው ነገር የሚመጣው ከእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ነው። 0.79ን በ6.72 ስናባዛ 5.31 እናገኛለን፤ በአምስተኛ ማርሽ እግሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው ይህን ያህል ነው። 9.00-20 ጎማ በአንድ ዙር 3.15 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተሩ 2,250 ዙር፣ በ90 ደግሞ 2,530 ዙር ላይ ነው። መኪናው ሲጮኽ የሚሰማው ስለታመመ አይደለም፤ የተሠራው ጭቃና ዳገት ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲጎትት ስለሆነ ነው።

ጉልበቱ የት ይሄዳል?

ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት አንድ ስሌት ተሠራ። ለ6 ቶን ክብደት፣ ለወታደራዊ ጥርስ ጎማ የመንከባለል መቋቋም 0.012፣ ለነፋስ 6 ካሬ ሜትር ፊትና 0.9 የቅርጽ ቁጥር፣ ለካምቢዮና ለዲፈረንሻል ብክነት 18 በመቶ ተወሰደ። በዚህ መሠረት መኪናው ባዶውን ደልዳላ መንገድ ላይ ለመሄድ በ72 ኪሎ ሜትር 65 ፈረስ ጉልበት፣ በ80 ኪሎ ሜትር 84፣ በ90 ኪሎ ሜትር ደግሞ 112 ፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። በ90 መሄድ ማለት ሞተሩ ካለው አቅም የቀረውን ጥቂት ብቻ ይዞ መሄድ ማለት ነው፤ ትንሽ ዳገት ሲመጣ መውረዱ የግድ ነው። በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ደግሞ ከ90 ወደ 72 መውረድ ብቻውን የሚፈለገውን ኃይል ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ከዚህ በታች ከተሠሩት ሥራዎች አንዱም ብቻውን ይህን ያህል አያተርፍም። ስለዚህ ለባለቤቱ የተነገረው የመጀመሪያ ነገር የሥራ ፍጥነቱን ከ75 እስከ 80 አድርጎ እንዲይዝና ማሻሻያው ሁሉ ለዚያ ፍጥነት እንዲሠራ ነው።

በዚሁ ስሌት ጤነኛ የሆነ ኤም35ኤ2 በ80 ኪሎ ሜትር ለ100 ኪሎ ሜትር 24 ሊትር አካባቢ ይበላል። ይህኛው ግን ታንከሩ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ተነድቶ፣ እንደገና እዚያው ማደያ ላይ ሲሞላ 27 እና 28 ሊትር መካከል አሳየ። ልዩነቱን ሞተሩ ላይ ከመፈለግ በፊት የሚጎትት ነገር አለ ወይ የሚለው መጠየቅ ነበረበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሰዓት ብቻ ነው። ነፋስ በሌለበት ጊዜ፣ ደልዳላና ባዶ በሆነ መንገድ ላይ፣ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ መኪናው 65 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርስና ማርሹ ይወጣል። ከ60 ወደ 40 እስኪወርድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይያዛል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ከላይ ባሉት ቁጥሮች ጤነኛው መኪና 22 ሰከንድ ገደማ መንሸራተት አለበት። ይህኛው 18 አካባቢ ላይ 40 ደረሰ። አራት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን 300 ኒውተን የሚያህል ተጨማሪ መጎተት ነው፣ ይህም ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ይጠጋል። የጠፋው ነዳጅ ማለት ይቻላል በሙሉ እዚህ ተገኘ።

ፍሬንና የእግር አሰላለፍ

ከሙከራው በኋላ ፍሬን ሳይነካ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ የእያንዳንዱ ታምቡር ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተለካ። የፊት ግራውና የመካከለኛው አክስል ቀኝ ታምቡር ከሌሎቹ በግልጽ ይሞቁ ነበር። እግሮቹ በክሪክ ሲነሱ ሁለቱ በእጅ አልዞር አሉ። ፍሬኑ ተረግጦ ሲለቀቅ የፊት ግራው እንደያዘ ይቀራል፤ የስፑርጎው (የአየር ማስወጫው) ዳዶ ሲላላ ወዲያው ይለቃል። ይህ የላስቲኩ ማኒኮቶ (የፍሬን ፈሳሽ ቱቦ) ከውስጥ ማበጡን የሚያሳይ ምልክት ነው። ግፊት ወደ እግሩ ያስገባል፣ መመለሻውን ግን ያንቃል። ከውጭ ሲታይ ደህና ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ሳይጠረጠር ይቀራል። የመካከለኛው ቀኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፖምፔታው (ሸራውን የሚገፋው የእግር ሲሊንደር) ዝጎ ደርቋል፣ ሸራውም ከአክስሉ በወጣ ዘይት ረጥቧል።

የላስቲክ ማኒኮቶዎቹ በሙሉ፣ ስድስቱም ፖምፔታዎች፣ የዘይት ከልካይ ጎሚኒዎቹና የረጠቡት ሸራዎች ተቀየሩ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል። የዘይቱ መፍሰሻ ምክንያትም አብሮ መፈለግ አለበት። የአክስሎቹ መተንፈሻ በቀለምና በጭቃ ተደፍኖ ነበር፤ ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ዘይቱን ወደ ታምቡር ይገፋል። መተንፈሻው ሳይከፈት ጎሚኒ መቀየር ሥራውን ቶሎ መድገም ነው።

ፍሬኑ በአየር የሚታገዝ ሃይድሮሊክ ሲሆን መስመሩ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ የስድስቱም እግር ፍሬን አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው ከትራንስፈር ኬዙ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ አክስሎች ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ኋላ ያለው የእጅ ፍሬን ነው፣ እሱም ለማቆሚያ እንጂ እየሮጠ ያለ 8 ቶን ለማቆም አይደለም። ጎማውን አሳድጎ መኪናውን ለፍጥነት የሚያመች ማድረግና ፍሬኑን እንደነበረ መተው አብረው አይሄዱም። ስለዚህ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው የፍሬን ሲሊንደር) እና ሁለተኛ የአየር ማገዣ ገብተው የፊቱ መስመር ከኋላው ተለየ። በዚህ ሥራ ላይ የሚሳሳቱት ሰዎች በአብዛኛው የማስተሩን ልክ ነው የሚሳሳቱት። እያንዳንዱ ክፍል የሚያወጣው ፈሳሽ የአየር ማገዣውን ፒስተን እስከ መጨረሻው ለመግፋት ካልበቃ ፔዳሉ ጠንካራ ይሆናል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ቆሞ መርገጥ ብቻ ስለማይበቃ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የግፊት ጌጅ አስሮ መለካት ያስፈልጋል።

ፈሳሹንም ማጣራት ያሻል። ሠራዊቱ በኋለኛው ዘመን የተጠቀመው ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ነው፤ ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። በውስጡ ያለው የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ መስመሩ በሙሉ ተጠርጎ በአንድ ዓይነት ይሞላል። ከዚያ እያንዳንዱ ሸራ እስኪነካ ተጠግቶ እግሩ በነፃ እስኪዞር ድረስ ይመለሳል። አዲስ ሸራ ሲገባ የታችኛው የመያዣ ፒንም አብሮ ሬጂስትራ ካልተደረገ ሸራው በአንድ ጫፉ ብቻ ይነካል፤ ፔዳሉም ጥልቅ ይሆናል።

ቀጥሎ የኋላ አክስሎቹ ትይዩነት ተለካ። በሁለቱ የኋላ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 1,219 ሚሊ ሜትር ነው። በግራ ከሞዞ (እግሩ የሚታሰርበት ቋት) መሐል እስከ ሞዞ መሐል የተለካው ከቀኙ በ9 ሚሊ ሜትር ይበልጥ ነበር። አክስሎቹን የሚይዙት ስድስት የግፊት ዘንጎች የላስቲክ ቦኮላቸው አልቆ ነበር፤ ሌቨር ገብቶ ሲነቀነቅ ይታያል። ይህ ሲሆን አራቱ የኋላ እግሮች መኪናውን በሁለት አቅጣጫ ይስባሉ። ጎማ ይበላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ አሽከርካሪውም «መሪው ይሸሻል» ይላል፤ ነገሩ ያለው ግን ከኋላው ነው። ስድስቱም ዘንጎች ሲቀየሩ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ሆነ።

ፊት ላይ የተሠራው ቀላል ነው። የመሪው ዘንግ ሁለት ጫፎች በሽብልቅ ፒን የሚቆለፍ ቪቴ አላቸው፤ እስኪጠብቅ ገብቶ ወደ ቅርብ ቀዳዳ ይመለሳል። ቴስቲኒዎቹ (የመሪ ዘንግ መጋጠሚያዎቹ) ተቀየሩ፣ የኩሽኔታዎቹ ጆኮ (ልቅነት) ተስተካከለ፣ የፊት እግሮቹ ወደ ውስጥ መግባት ኋላ ለሚገባው ራዲያል ጎማ (ክሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ለሚሻገር) እንዲሆን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወረደ። የተቀደደው የክሮቸራ (ኃይል ወደሚታጠፈው የፊት እግር የሚያሻግር መጋጠሚያ) ጎማ ልባስም አብሮ ተቀየረ፤ በእሱ በኩል የገባ አሸዋ የፊቱን ክሮቸራ ያለ ጊዜው ይበላዋልና።

እስካሁን ያልተነካው ሞተር፣ ያልተቀየረው ጎማ እንዳለ ሆኖ የመንሸራተት ሙከራው ሲደገም 21 ሰከንድ አለፈ።

ጎማ፦ ትልቁ ውሳኔ

ዙሩን ለመቀነስ ያለው መንገድ ሦስት ነው፦ ተጨማሪ ካምቢዮ፣ ሌላ ዲፈረንሻል፣ ትልቅ ጎማ። ለሮክዌሉ አክስል ሌላ ጥርስ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ተጨማሪ ካምቢዮ ደግሞ የትራስሚሲዮኑን (ከካምቢዮ ወደ አክስል የሚዞረውን ዘንግ) ርዝመትና ማዕዘን ሁሉ ይለውጣል። ጎማ ቀረ።

ሁለት ልክ ታየ። 11.00አር20 በአንድ ዙር 3.33 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ዙሩን ከ2,250 ወደ 2,125 ያወርዳል። 395/85አር20 ደግሞ 3.58 ሜትር ገደማ ሲሆን ዙሩን ወደ 1,980 ያወርዳል፤ 12 በመቶ ቅናሽ ነው። የተመረጠው ሁለተኛው ነው፣ ኋላም በመንታ ፋንታ ነጠላ ሆኖ። ከአሥር ጎማ ወደ ስድስት መውረድ ለግዢም ለጥገናም ይቀላል። ክብደት ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም፤ ትልቁ ጎማ ከነቸርኬው በራሱ ከባድ ነው።

ዋናው ትርፍ ከመንከባለል ነው የሚመጣው። የድሮው ጎማ የክር አሠራሩ ሰያፍ ሆኖ ጥርሱ ጥልቅ ነው፤ ሲንከባለል ራሱን እየሰበረ ይሞቃል። ራዲያሉን 0.009 ብለን ብንይዘው በ80 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ጠቅላላ ኃይል ከ7 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ዙሩ በመውረዱ ከሞተሩ ሰበቃ የሚገኘው ሌላ ጥቂት በመቶ ነው።

አሁን ችግሮቹ። የመጀመሪያው ቦታ ነው። 395/85አር20 ቁመቱ 1,180 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የኋላ አክስሎቹ ርቀት 1,219 ነው። በመካከላቸው የሚቀረው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጎማ አይገባም፤ ይህኛውም የሚገባው የግፊት ዘንጎቹ ጤነኛ ከሆኑ ብቻ ነው። 9 ሚሊ ሜትር ዘምሞ የነበረው አክስል ሳይስተካከል ጎማው ታዝዞ ቢሆን ኖሮ አንዱ ጎን ከሦስት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይተርፈውም ነበር። ሰንሰለት ማሰር ከእንግዲህ አይታሰብም፤ በመካከል የሚሰነቀር ድንጋይም መታየት አለበት።

ሁለተኛው ቸርኬው ነው። ይህ ጎማ 10 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። የኤም35 ሞዞ ስድስት ቡሎን ሲኖረው፣ 395/85አር20 ጎማ ይዘው የሚወጡት የአዲሶቹ ወታደራዊ መኪናዎች ቸርኬ ግን ባለ አሥር ቡሎን ነው፤ ስለዚህ እንዳለ አይገጥምም፣ የመሐሉ ሳህን ለስድስት ቡሎን ተሠርቶ መበየድ አለበት። ብየዳው ለዚህ ሥራ ብቃት ባለው ሰው መሠራት አለበት፤ ቸርኬው ሲዞርም ዘንግ ላይ ተለክቶ መረጋገጥ ይገባዋል። የሳህኑ ጥልቀት የሚወሰነው የኋላው እግር ከፊቱ በዱካ እንዲገጥም፣ የፊቱ ደግሞ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ባሌስትራውን እንዳይነካ ተደርጎ ነው። በዚህ መኪና ላይ የመሪው ማቆሚያ ቡሎኖች ትንሽ መውጣት ነበረባቸው፤ መኪናው አሁን ለመዞር ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ዳዶዎቹን በሚመለከት፦ የግራ ጎን ቡሎኖች ጥርስ ግራ ዞር ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሲፈታ ያጠብቃል፣ ቡሎንም ይቆርጣል። ለመንታ እግር የሚያገለግሉት የውስጥና የውጭ ዳዶዎች ለነጠላ አይሆኑም፤ ነጠላ ዳዶ መግባት አለበት። የድሮዎቹ ቸርኬዎች በቀለበት የሚቆለፉ ናቸው። ጎማው ሲፈታ አየሩ ቫልቩ ተነቅሎ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ሲነፋም በብረት ኬጅ ውስጥ እንጂ ሰው አጠገቡ ቆሞ አይደለም። ያ ቀለበት ሲወጣ ሰው ይገድላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በዚህ መኪና ያለው ትራንስፈር ኬዝ የፊቱን አክስል በራሱ የሚያስገባው ዓይነት ነው፤ የኋላው እግር ከፊቱ በተወሰነ መጠን ፈጥኖ ሲሽከረከር በውስጡ ያለው የአንድ አቅጣጫ መቆለፊያ ይይዛል። የፊቱ ጎማ ከኋላው በቁመት ከበለጠ፣ ለምሳሌ ፊት አዲስ ኋላ ያለቀ ጎማ ሲታሰር፣ ደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ይይዛል፤ ሲስተሙ ይወጠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ስድስቱም ጎማዎች አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ መሆናቸው ለዚህ ነው። መለዋወጫውም አብሮ ይሽከረከር ዘንድ በየጊዜው ቦታ መለዋወጥ ይገባዋል።

አየሩን በተመለከተ፣ በአንድ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት ፊት 1,350 ኪሎ ገደማ፣ ኋላ ደግሞ 2 ቶን ሲጫን 1,300 ገደማ ነው፤ ጎማው ከሚችለው ግማሽ አይሞላም። በጎኑ የተጻፈውን ከፍተኛ አየር መሙላት መኪናውን ማንገጫገጭ ብቻ ነው። 3.5 ባር ተሞልቶ ጥርሱ ላይ ጠመኔ ተቀብቶ ተነዳ፤ ጠመኔው ከመሐል ብቻ ሲጠፋ አየር ተቀነሰ፣ በስፋቱ እኩል እስኪጠፋ ድረስ።

ጎማው ያመጣው የመሪ ሥራ

ትልቅ ጎማ በማኑዋል መሪ ቆሞ ማዞር ለአንድ ሰው ጉልበት ከባድ ነው። ስለዚህ የሃይድሮሊክ ማገዣ የጎማው ውሳኔ አካል እንጂ በኋላ የሚታይ ቅንጦት አይደለም። ሁለት አማራጭ ነበር። አንደኛው የመሪውን ሳጥን አውጥቶ በፈሳሽ ቱቦ ብቻ የሚሠራ መሪ ማድረግ ነው፤ ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ቺንጋ ሲበጠስ መሪ የለም። በብዙ አገር ሕግም ለመንገድ አይፈቀድም። የተመረጠው የድሮው ሳጥንና ዘንግ በቦታው ቆይቶ፣ በዘንጉ ላይ መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ በአክስሉና በአግድም ዘንጉ መካከል ደግሞ የሚገፋ ሲሊንደር ማስገባት ነው። ፖምፓው በሞተሩ ቺንጋ ይዞራል። ማገዣው ቢሞት መሪው ይከብዳል እንጂ አይጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሲሊንደሩ መጨረሻው ላይ ከመድረሱ በፊት የመሪው ማቆሚያ ቡሎን መንካት አለበት። አለዚያ ግፊቱ ሁሉ በአግድም ዘንጉ ላይ ያርፍና ያጎብጠዋል። ሲሊንደሩ የታሰረበት ቅንፍም በአክስሉ ላይ በቡሎን እንጂ በቀጥታ በብየዳ እንዳይያዝ ተደርጓል፤ የአክስሉን ሙሉ ቱቦ ሙቀት እንዳያጣምመው።

ሞተሩ በመጨረሻ

የዚህ ሞተር ማቃጠያ ክፍል በፒስተኑ ራስ ላይ ያለ ክብ ጉድጓድ ነው። ነዳጁ በአብዛኛው በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ በግድግዳው ሙቀት ተንኖ ነው የሚቃጠለው። ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ነገር አለ፦ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በደንብ አያቃጥልም፤ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ዘይት ይወርዳል። የዚህ መኪና ቴርሞስታት ተከፍቶ ቀርቶ ስለነበር በደልዳላ መንገድ ላይ ውኃው ከ60 ዲግሪ ብዙ አያልፍም ነበር። በ82 ዲግሪ የሚከፈት አዲስ ቴርሞስታት ገባ። «እንዳይሞቅ» ብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በማንኛውም ናፍጣ ሞተር ላይ መጥፎ ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን ከሁሉም ይብሳል።

ቀጥሎ ሦስቱ የነዳጅ ፊልትሮዎች፣ በታንከሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ወንፊትና የአየር ፊልትሮው ተቀየሩ። የባልቮላው ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር መግቢያው 0.25፣ መውጫው 0.64 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተስተካከለ። የቱርቦው መግቢያና መውጫ ማኒኮቶ መላላት አለመላላቱ በሳሙና ውኃ ታየ። ስድስቱም ኖዝሎች በመሞከሪያ ማሽን ላይ ተፈትሸው የሚያንጠባጥቡት ሁለቱ ተሠሩ።

የኢንጀክሽን ፖምፓው አሜሪካን ቦሽ ነው። በጎኑ የነዳጁን ውፍረት አይቶ መጠኑን የሚለውጥ መሣሪያ አለው፤ ሞተሩ ብዙ ዓይነት ነዳጅ እንዲጠቀም የሚያስችለው እሱ ነው። ናፍጣ ብቻ ለሚጠቀም መኪና ጥቅሙ ያንሳል፣ ሲያረጅ ግን ውስጡ እየፈሰሰ ጉልበትን ያወዛውዛል። በዚህ መኪና ላይ መሣሪያው በናፍጣ ልክ ላይ ታልፎ እንዲቀር ተደረገ። ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይነት ነዳጅ መጨመር አይገባም።

ባለቤቱ መጀመሪያ የጠየቀው የነዳጅ መጨመሪያ ቪቴ የተነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም የጭስ ማውጫ ሙቀት ጌጅ ከገባ ወዲያ። የጌጁ ጫፍ ከቱርቦው በፊት፣ ማኒፎልዱ ላይ ተተከለ። ማኒፎልዱ ሲበሳ ብረት ብናኝ ወደ ቱርቦው እንዳይገባ ቱርቦው ወርዶ ነው የተበሳው። ከቱርቦው በኋላ የሚተከል ጌጅ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ሞተር ከበላ በኋላ ነው የሚያስጠነቅቀው። በዚህ ሞተር ላይ ለረጅም ዳገት የሚያዝ ጣሪያ 650 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚሄደው የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፤ ቴስታታው ለሦስት ሦስት ሲሊንደር ሁለት ሆኖ የተከፈለ ሲሆን በዚህ በኩል ድካሙ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ፒስተኑ ይሄዳል።

ቪቴው በአንድ ጊዜ ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ በላይ አይዞርም። ከእያንዳንዱ በኋላ መኪናው ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት በአራተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ ይወጣና ሙቀቱ ይነበባል። 620 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ለሞቃት ቀንና ለተጎታች የሚሆን ትርፍ እንዲቀር። ጥቁር ጭስ እየወጣ ጉልበት ጨመረ የሚል ሰው ነዳጅ እያቃጠለ ሳይሆን እያባከነ ነው።

የዙሩ ጣሪያ ግን አልተነካም፣ መነካትም የለበትም። 2,600 ዙር የዚህ ሞተር እውነተኛ ወሰን ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ) ይሰበራል፣ ብሎኩንም በስቶ ይወጣል። ገቨርነሩ (ዙሩን የሚገድበው መሣሪያ) የሚከላከለው ሞተሩ በራሱ ጉልበት ሲሮጥ ብቻ ነው፤ ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ መኪናው ሞተሩን ሲገፋው ምንም አያደርግም። ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይወርዳል፣ ዙሩ 2,400 ሲጠጋ በፍሬን ይመለሳል።

ምን ተገኘ?

የመንሸራተት ጊዜው ከ18 ወደ 24 ሰከንድ አካባቢ አደገ። በ80 ኪሎ ሜትር ዙሩ 1,980 ላይ ስለሆነ ጋቢና ውስጥ ድምፅ ከፍ ሳያደርጉ መነጋገር ይቻላል። አራተኛ ማርሽ ቀድሞ 73 ላይ ያበቃ ነበር፤ አሁን እስከ 83 ይሄዳል። ይህ ለዳገት ከተጠበቀው በላይ ጠቅሟል፤ አምስተኛ ያልቻለውን አራተኛ ፍጥነት ሳይጥል ይይዘዋል። በሌላ በኩል በየማርሹ እግሩ ላይ የሚደርሰው ጉልበት 12 በመቶ ቀንሷል። ከቆመበት ዳገት ላይ በጭነት ሲነሳ በሁለተኛ ፈንታ በአንደኛ መነሳት፣ መንገዱ በጣም ከባድ ከሆነ ደግሞ ሪዶታ (የትራንስፈር ኬዙን ዝቅተኛ ማርሽ) ማስገባት ግድ ነው፤ ይህን ያላደረገ ፍሪሲዮን ይበላል።

ነዳጁ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ለ100 ኪሎ ሜትር 22 ሊትር አካባቢ ሆነ። ይህን ሲለኩ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ጎማው ስላደገ ቆጣሪው ከእውነቱ 12 በመቶ ያንሳል፤ 88 ሲጽፍ መኪናው 100 ሄዷል። ሳያርሙ የለካ ሰው ነዳጁ አልቀነሰም ብሎ ይደመድማል። የፍጥነት መለኪያውም እንዲሁ ነው፤ 70 ሲያሳይ እውነተኛው 80 ነው፣ አሽከርካሪው ሳያውቀው በ90 ሊጓዝ ይችላል። በገመዱ ላይ ጥርስ የሚያስተካክል አዳፕተር እስኪገባ ድረስ በዳሽቦርዱ ላይ የታረመ ምልክት ተለጠፈ።

ያልተሠሩም ነበሩ። ሠራዊቱ ራሱ በ1990ዎቹ ይህን መኪና ወደ ኤም35ኤ3 ሲቀይር የካተርፒላር 3116 ሞተር፣ የአሊሰን አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የመሪ ማገዣና ነጠላ ትልቅ ራዲያል ጎማ አስገብቷል። ሞተሩንና ካምቢዮውን መቀየር ለዚህ ባለቤት የሚያዋጣ አልነበረም፤ የቀሩት ሁለቱ ግን እዚህም ተሠርተዋል። የፊት ሞዞ መፍቻም (የፊት እግሮችን ከአክስሉ የሚያላቅቅ) ታስቦ ቀርቷል፤ የፊቱን ትራስሚሲዮን መሽከርከር ቢያስቀርም የሚያተርፈው ነዳጅ ትንሽ ነው፣ ትራንስፈር ኬዙ በራሱ የፊቱን አክስል የማስገባት ጥቅሙንም ያጠፋል።

ከርክክብ በኋላ የሚጠበቀው ክትትል ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ የሁሉም እግር ዳዶ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ማጥበቅ፣ ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ የግፊት ዘንጎቹንና የመሪ ሲሊንደሩን ቅንፍ ቡሎን መፈተሽ፣ በየወሩ ደግሞ ታምቡሮቹን ከጉዞ በኋላ በቴርሞሜትር መለካት። ከስድስቱ አንዱ ከሌሎቹ መሞቅ ከጀመረ ማኒኮቶ ወይም ፖምፔታ እየያዘ ነው፤ ማደያው ላይ ከመታወቁ በፊት እዚያ ይታወቃል።